ማሽኔ ኮምቦልቻ ሲደርስ ለምን ቅኝቱን ይለቃል?

(ቅዳሜ ከሰዓት ደሴ ላይ ለሙዚቀኞችና ለኤሌክትሮኒክስ ተማሪዎች የተናገርኩት ነው። ብዙም ሳልነካካው እንዳለ አስቀምጬዋለሁ። የወጣው ሳልና ሳቅ ብቻ ነው።)

እንደምን ዋላችሁ! ከኋላ ያላችሁት ይሰማል? እሺ። አልሐምዱሊላህ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ወሎ ነውና ሁለቱንም ብያለሁ።

ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። በቀኝ በኩል ሙዚቀኞች ተቀምጣችኋል፣ በግራ በኩል የኤሌክትሮኒክስ ልጆች። ማንም እንዲህ ተቀመጡ አላላችሁም፣ ራሳችሁ ናችሁ የተከፋፈላችሁት። አንዱ ወገን ያልገባው ነገር ካለ ሌላው ወገን በሹክሹክታ ይንገረው።

ጠረጴዛው ላይ ያለው ሳጥን አናሎግ ሲንተሳይዘር ነው። እኛ ሰፈር ቁልፍ ያለው ሁሉ ኦርጋን ይባላል፤ ኦርጋን ብትሉትም አልቀየምም። ውስጡ ድምፅ የሚያመነጨው ክፍል ኦሲሌተር ይባላል። የዛሬው ወሬዬ ስለሱ ብቻ ነው። ኦሲሌተሩ ቅኝቱን እንዳይለቅ ሰርኪዩቱን እንዴት አድርገን እንስራው? ይኼው ነው። ሶስት ነገር ልናገር ነው የመጣሁት፤ ወሬ ስለምወድ ግን አራትም አምስትም ሊሆን ይችላል።

መጀመሪያ ያፈርኩበትን ቀን ልንገራችሁ።

የመጀመሪያዋን ማሽኔን የሰራሁት እዚሁ ደሴ፣ ከእናቴ ጓዳ አጠገብ ባለች ክፍል ነው። ማታ ማታ ነበር የምሰራው። የጦሳን ብርድ ታውቁታላችሁ፣ ጋቢ ደርቤ ነው ካውያ የምይዘው። ጨረስኩ። ቃኘኋት። በስልኬ ቱነር አመሳከርኩ፣ ልክ ነች። አንድ ዘመዳችን ኮምቦልቻ ልጁን ሲድር ይዣት ወረድኩ። በዶሮ መዝለያ ጠመዝማዛ ስንወርድ እንደ ሕፃን ነበር ጭኔ ላይ የታቀፍኳት። ድንኳን ገባን። ቀትር ነው፣ ሰው ጢም ብሏል፣ ከወጥ ቤት በኩል እንፋሎት ይመጣል፣ ድንኳኑ ላስቲክ ነው። አጠገቤ አንድ መሰንቆ የሚመቱ አባት ተቀምጠዋል። አምባሰል ጀመሩ። እኔም ገባሁ።

ምን ይሻላል! እሳቸው ያሉበት እኔ የለሁም። ወደ ላይኛው ኦክታቭ ስወጣ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ቀበሌ ነኝ። ካቻቢቴዬን አወጣሁና ትንሽ ጠመዘዝኩ። ተስተካከለ። አንድ ዘፈን ሳያልቅ እንደገና ወጣ። እንደገና ጠመዘዝኩ። እንደገና ወጣ። አባት መሰንቋቸውን ጭናቸው ላይ አስተኙና፣ "ልጄ፣ ማሽንህን ትኩሳት ይዟታል መሰለኝ" አሉኝ። ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፣ ግን ከአንገት በላይ ነው።

ትኩሳት! እሳቸው ሽፋኑን ሳይከፍቱ በሽታውን ነገሩኝ። እኔ ለማወቅ ወራት ፈጀብኝ።

እስኪ ሙዚቀኞቹን ልጠይቅ። ከበሮ ከመመታቱ በፊት ፀሐይ የሚሞቀው ለምንድን ነው? ቆዳው እንዲወጠር። ክራር ይዛችሁ ከውጭ ብርድ ሰው ወደሞላበት ቤት ስትገቡ ደግማችሁ አትቃኙም? ትቃኛላችሁ። ስለዚህ ሙቀት ከቅኝት ጋር ጠበኛ መሆኑ ለወሎ ሰው አዲስ ወሬ አይደለም። ደግሞ ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ ስማቸው የኛው አገር ስም ነው። እኛ ፊት ቅኝት የለቀቀ ማሽን ይዞ መቅረብ ባቲ ሰኞ ገበያ የሚያነክስ ግመል ይዞ እንደመሄድ ነው። ማን ይሸወዳል?

እሺ፣ አንደኛው ነገር። ኦሲሌተር ለምን ትኩሳት ይይዘዋል?

በብዙ አናሎግ ሲንተሳይዘር ላይ ሕጉ አንድ ቮልት ለአንድ ኦክታቭ ነው። ሮበርት ሞግ በፈረንጆች 1964 መስራት በጀመራቸው ማሽኖች የተለመደ አሰራር ነው። ከቁልፉ የሚመጣው ቮልቴጅ አንድ ቮልት ሲጨምር ድምፁ በሰከንድ የሚርገበገበው እጥፍ ይሆናል፤ አንድ ኦክታቭ ወጣ ማለት ነው። በሰከንድ 110 ጊዜ፣ ማለትም 110 ሄርዝ፣ የነበረው 220፣ 220 የነበረው 440። ኦክታቩ 12 ሴሚቶን አለው፣ እያንዳንዱ ሴሚቶን ደግሞ 100 ሴንት። ብርና ሳንቲም በሉት። አንድ ኦክታቭ 1200 ሳንቲም ነው።

አያችሁ፣ ቮልቴጁ በመደመር ነው የሚሄደው፣ ድምፁ ግን በማባዛት። መሀል ላይ አስተርጓሚ ያስፈልጋል። አስተርጓሚው ማነው? አንድ ተራ ትራንዚስተር። ትራንዚስተር ቤዝና ኤሚተር በሚባሉት እግሮቹ መካከል 18 ሚሊቮልት ገደማ ሲጨመርለት የሚያሳልፈው ከረንት እጥፍ ይሆናል። ማንም አላስተማረውም፣ ሲሊኮን ተፈጥሮው ነው። ከዚያ ያ ከረንት ካፓሲተር የሚባለውን የኤሌክትሪክ ማጠራቀሚያ ይሞላል፣ ካፓሲተሩ ሲሞላ ይደፋል፣ እንደገና ይሞላል። ቶሎ ቶሎ ከሞላ ድምፁ ቀጭን፣ ቀስ ብሎ ከሞላ ወፍራም።

ችግሩ ግን ያው ትራንዚስተር በአንድ ዲግሪ ሙቀት 2 ሚሊቮልት ያህል ይንሸራተታል። "2 ሚሊቮልት ምን አላት?" ትሉ ይሆናል። እኔም ብዬ ነበር። 18ቱ አንድ ኦክታቭ ከሆነ፣ 2ቱ የኦክታቭ ዘጠነኛ ናት። 1200ን ለ9 አካፍሉ። 133 ሳንቲም! በአንድ ዲግሪ! አንድ ሴሚቶን አልፎ ሄዷል እኮ! ደሴ ወደ 2500 ሜትር ላይ ነው፣ ኮምቦልቻ ወደ 1850። የሌሊቷን ጓዳና የቀትሩን ድንኳን ልዩነት እናንተው አስሉት። የኔዋ ማሽን አስተርጓሚዋ አንድ ትራንዚስተር ብቻ ነበር። ኦርጋን የሰራሁ መስሎኝ ቴርሞሜትር ሰርቻለሁ። እውነቴን ነው፣ ጎበዝ ቴርሞሜትር ነበረች።

ሁለተኛው ነገር። መድኃኒቱ።

ሙቀቱን ማባረር አትችሉም። ኮምቦልቻን ልታቀዘቅዙ ነው? የሚያዋጣው አንድ ብቻ ነው። አንዱ ሲሳሳት ልክ እንደሱ የሚሳሳት ጓደኛ አጠገቡ ማስቀመጥና ሁለቱን ማቀናነስ።

ልጅ ሆነን እኔና ወንድሜ በአንድ ብርድ ልብስ ነበር የምንተኛው። እናቴ ሌሊት ስትመጣ የምትነካው የኔን ግንባር ብቻ ነው። እኔን ካላበኝ ወንድሜንም አልቦታል፣ እኔን ከበረደኝ እሱንም በርዶታል። ብርድ ልብሱን ለሁለታችንም ገለጥ ወይም ሰብሰብ ታደርገዋለች። እሱን ነክታው አታውቅም። ሰርኪዩቱም እንደዚሁ ነው። ሁለት ትራንዚስተር ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፣ ኤሚተራቸው አንድ ላይ ይታሰራል። በአንደኛው ውስጥ ሁልጊዜ የማይለወጥ ከረንት እንዲያልፍ ኦፕ አምፕ የሚባል ተቆጣጣሪ ማጉያ ያስገድዳል። ግንባሩ የሚነካው እሱ ነው። ሙቀት መጥቶ ያን ትራንዚስተር 2 ሚሊቮልት ሲያንሸራትተው፣ ኦፕ አምፑ የጋራ ኤሚተራቸውን ልክ ያንኑ ያህል ይገፋዋል። ሁለተኛው ሳይጠየቅ ማካካሻውን አገኘ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ድምፁን የሚወስነው የሁለቱ ቤዝ ልዩነት ብቻ ነው። ያ 133 ሳንቲም የት ገባ? ብን አለ።

ግን አንድ ብርድ ልብስ ያልኩትን ልብ በሉ። አንድ ብርድ ልብስ! አንድ! ይህን ስሰማ ሮጬ ሄጄ ሁለት ትራንዚስተር ተከልኩ፣ በመካከላቸው ሶስት ጣት ክፍተት ትቼ፣ አንደኛውን ደግሞ ከቮልቴጅ ሬጉሌተሩ ሥር። ሬጉሌተሩ ቮልቴጁን እኩል የሚያደርገው ክፍል ነው፣ ሲሰራ ምድጃ ነው። ወንድማማቾቹን አንዱን ምድጃ ጥግ፣ አንዱን በረንዳ አስተኝቼ "ለምን እኩል አላላባችሁም?" እላለሁ። ከበፊቱም ባሰ። በኋላ ፊታቸውን አገናኝቼ፣ በመሀል ሙቀት አስተላላፊ ፓስታ ቀብቼ፣ ጠቅልዬ አሰርኳቸው። ከዚያ ነው ሰው የሆንኩት።

ከሁሉ የሚሻለው አንድ ቅንጣት ሲሊኮን ላይ አብረው የተሰሩ ጥንዶችን መግዛት ነው። ሲኤ3046 የሚባለው አይሲ ውስጥ አምስት ትራንዚስተሮች አሉ፣ ሁሉም በአንድ ሲሊኮን ላይ። ስትገዙ ግን ተጠንቀቁ። አንድ ጊዜ "ኦሪጅናል ጥንድ ነው" ተብዬ በብዙ ብር የገዛሁት አይሲ ጽሑፉ ተፍቆ እንደ አዲስ የታተመበት ነበር። ሻጩን አልጠራም፣ እግዜር ይስጠው። ከዚያ ወዲህ ርካሽ ትራንዚስተር ከአንድ ፓኬት ብዙ እገዛና ራሴ አጋባቸዋለሁ። ለሁሉም እኩል ከረንት እሰጥና የቤዝ ቮልቴጃቸውን እለካለሁ፤ በ1 ሚሊቮልት ውስጥ የተቀራረቡት ተጋቡ። ስትለኩ በጣታችሁ እንዳትይዙ! በወረንጦ ያዙ፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። አለዚያ የምትለኩት ትራንዚስተሩን ሳይሆን የጣታችሁን ሙቀት ነው። እኔ አንድ ሙሉ እሁድ ጣቴን ስለካ ውዬ አውቃለሁ።

ሶስተኛው ነገር። እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው "ጨረስኩ" ብሎ ሽፋኑን የሚዘጋው። አልጨረሳችሁም።

ቅድም 18 ሚሊቮልት እጥፍ ያደርጋል ብያለሁ። ያ 18 ራሱ ከሙቀት ጋር ያድጋል። ከፍጹም ዜሮ በሚቆጠረው በኬልቪን ልክ ነው የሚያድገው። 27 ዲግሪ ማለት 300 ኬልቪን ነው፤ አንድ ዲግሪ ስትጨምሩ አንድ ሶስት መቶኛ ጨመራችሁ። ስለዚህ ያው አንድ ቮልት አሁን ሙሉ ኦክታቭ አይደርስም። ምን ያህል ያጥራል? 1200ን ለ300 አካፍሉ። 4 ሳንቲም። ከ133 ወደ 4 ወርደናል፣ ጥሩ ነው። ግን 4ቱ ለእያንዳንዱ ኦክታቭና ለእያንዳንዱ ዲግሪ ነው። ከመነሻው ድምፅ ሶስት ኦክታቭ ርቃችሁ፣ ሙቀቱ 10 ዲግሪ ቢጨምር፣ 120 ሳንቲም ወጣችሁ። ያ አንድ ሴሚቶን ሲደመር ሃፍረት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ደስ የሚል ነገር አለ፣ ሙዚቀኞች ስሙኝ። አምባሰል ሲጀምር የመጀመሪያው እርምጃ አንድ ሴሚቶን ነው። በዚያው 10 ዲግሪ ያቺ እርምጃ የምታጥረው 3 ሳንቲም ብቻ ነው። ጆሮ አይይዛትም። ስለዚህ ብቻችሁን፣ በአንድ ኦክታቭ ውስጥ፣ ያለ አጃቢ ከተጫወታችሁ ማሽኑ ጤነኛ ይመስላችኋል። ቤታችሁ ሆናችሁ "ልክ ነው" ትላላችሁ። መሰንቆው ሲመጣ፣ ወይም ታችኛው እጅ ወፍራሙን ድምፅ፣ ላይኛው እጅ ዜማ ሲይዝ ነው ጉዱ የሚፈላው። ብቻችሁን ሆናችሁ አትቃኙ የምለው ለዚህ ነው።

መድኃኒቱ ደግሞ እንዲህ ነው። ከቁልፉ የሚመጣውን አንድ ቮልት ወደ 18 ሚሊቮልት የሚያሳንሱ ሬዚስተሮች አሉ፣ 100 ኪሎ ኦምና 1.8 ኪሎ ኦም እንበል። ትንሹን ሬዚስተር በልዩ ዓይነት ትተኩታላችሁ። በአንድ ዲግሪ የአንድ ሶስት መቶኛ ያህል የሚያድግ፣ በሻጮች ቋንቋ 3300 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 3300) የሚባል። ቴምፕኮ ይሉታል። ትራንዚስተሩ ሲሞቅ "18 አይበቃኝም፣ ጨምርልኝ" ይላል፣ ቴምፕኮው አብሮ ሞቆ ይጨምርለታል።

አብሮ ሞቆ! አሁንም ያው ብርድ ልብስ ነው። ቴምፕኮው ትራንዚስተሮቹ ጀርባ ላይ መተኛት አለበት፣ ፓስታ ተቀብቶ፣ ነክቶ። ቦርዱ ማዶ ካስቀመጣችሁት ንፋስ በገባ ቁጥር አንዱ ቀዝቅዞ ሌላው እስኪቀዘቅዝ ድምፁ ይዋልላል።

ሌላ መንገድም አለ፤ ትራንዚስተሮቹን ማሞቅ። እንዳይለዋወጥ አስቀድሞ ከየትኛውም አየር በላይ ማጋል። ፌርቻይልድ የተባለ ኩባንያ ኤምዩኤ726 የሚባል ማሞቂያው ውስጡ ያለ ጥንድ ትራንዚስተር ሰርቶ ነበር፤ ኋላ ላይ የወጡት ሚኒሞግ የሚባሉ የሞግ ማሽኖች ውስጥ ገብቷል። ቅድም ባልኳችሁ ሲኤ3046ም አንዱን ትራንዚስተር ምድጃ፣ አንዱን ቴርሞሜትር አድርጎ ያንኑ መስራት ይቻላል። ቆንጆ ሐሳብ ነው። እኔ ግን አልወደውም። እስኪሞቅ ደቂቃዎች ይፈጃል፣ ከረንት ይበላል፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ደግሞ እንደ አዲስ "ቆይ እስክሞቅ" ይላችኋል። መብራት በሰርግ መሀል ስንቴ እንደሚሄድ እኔ ልንገራችሁ? ለኛ አገር ቴምፕኮ ይሻላል ባይ ነኝ።

አንቺ፣ እዚያ ጥግ ያለሽው፣ እጅሽን አውጥተሻል። ... ጥሩ ጥያቄ ነው። "ይህን ሁሉ ከምትደክም አይሲውን ገዝተህ አትገላገልም?" ነው የምትለው። ይቻላል! ደግ ከርቲስ የሚባል ሰው የነደፈው ሲኢኤም3340 የሚባል አይሲ ጥንዱንም የሙቀት ማካካሻውንም በአንድ ላይ ይዟል። ፕሮፌት 5 የሚባለው ሲንተሳይዘር በፈረንጆች 1978 ወጥቶ፣ በ1980 በተሻሻለው ሦስተኛው ዓይነት ውስጥ የገባው ይኸው አይሲ ነው። የሮላንድ ኩባንያ ኤስኤች 101 ሲንተሳይዘርም ውስጥ አለ። ዛሬም ኤኤስ3340 በሚል ስም አዲስ ይሰራል። ፕሮፌት 5 በዚያ ላይ የመቃኛ ቁልፉ ሲጫን ኦሲሌተሮቹን በኮምፒውተር እየለካ የሚያርም ነበር። ሮላንድ ደግሞ በ1982 በጁኖ 60 ጭራሽ ሌላ መንገድ ሄደ። ጊዜውን ከአንድ ፈጣን የጋራ ምት በዲጂታል ቆጥሮ ወሰደ፣ ሙቀት ብዙ አያስቸግረውም። አይሲውን ግዢ እህቴ፣ ነውር የለውም። ግን ሲበላሽ ምን እንደተበላሸ እንድታውቂ አንዴ በእጅሽ ስሪው።

አራት ይሆናል ብያችሁ ነበር አይደል? አራተኛው ቅራቅንቦው ነው። እኔን ግን ብዙ ሌሊት ያሳጣኝ እሱ ነው።

ካፓሲተሩ። ያ የሚሞላውና የሚደፋው። መጀመሪያ ያገኘሁትን ቡናማ ሴራሚክ ነበር የተከልኩት። ኤክስ7አር የሚባለው ዓይነት ነው፣ በሙቀትም በቮልቴጅም መጠኑን ይለዋውጣል። ጥንዱን አጋብቼ፣ ቴምፕኮ ለጥፌ፣ ካፓሲተሩ ጉድ ሰራኝ። ሲ0ጂ የሚባለው ሴራሚክ በዲግሪ ቢበዛ 30 ፒፒኤም ነው የሚንቀሳቀሰው፣ 10 ዲግሪ ላይ ግማሽ ሳንቲም ማለት ነው። ፖሊስታይሪንም ጥሩ ነው፣ ካውያው ካላቀለጠው።

ፓወር ሳፕላዩ። ያ የማይለወጥ ያልነው ከረንት ከየት ነው የሚመጣው? ከ12 ቮልቱ በሬዚስተር። 12ቱ አንድ በመቶ ቢወርድ ድምፁ 17 ሳንቲም ይወርዳል። አንድ ሰርግ ላይ ጀነሬተሩ ሲያቃስት ማሽኔ አብራ ታቃስት ነበር፤ ሰው ሆን ብዬ ያደረግሁት መስሎት አጨበጨበ። አሁን ከረንቱን የምስበው ቮልቴጁ ከማይዋልል ሪፈረንስ አይሲ ነው።

ላይኛው ኦክታቭ። ካፓሲተሩ ሲደፋ ጊዜ ይወስዳል፣ አንድ ማይክሮ ሰከንድ እንበል። ታች ላይ ምንም አይደለም። 4000 ሄርዝ ላይ ግን ዙሩ በሙሉ 250 ማይክሮ ሰከንድ ነው፣ ያቺ አንዷ 7 ሳንቲም ታወርዳችኋለች። ከካፓሲተሩ ጋር በተከታታይ ትንሽ ሬዚስተር ብታስገቡ ቀድሞ እንዲደፋ አድርጋ ታካክሰዋለች። ልጆች፣ ሒሳቡን ቤታችሁ ስሩት፣ ሩብ ገጽ አይሞላም።

የመጨረሻው ሽፋኑ ነው። እባካችሁ፣ እባካችሁ ሽፋኑን ከፍታችሁ አትቃኙ! ክፍት ሳጥን ቀዝቃዛ ሳጥን ነው። ስትዘጉት ሌላ አየር ነው። እኔ ሽፋኑ ላይ ለካቻቢቴ የሚበቃ ቀዳዳ በስቻለሁ፣ እዩት፣ እነዚህ ሁለቱ። ማሽኑን ዘግቼ፣ አብርቼ፣ ግማሽ ሰዓት ቡና እጠጣለሁ። ቡናው ሶስተኛ ሲደርስ ማሽኑም ደርሷል። ከዚያ ታችኛውን ድምፅ፣ ከዚያ ኦክታቩን፣ ከዚያ ሁለተኛውን ኦክታቭ። አንዱ ትሪመር፣ ማለትም በካቻቢቴ የሚዞር ሬዚስተር፣ መነሻውን፣ አንዱ የኦክታቩን ስፋት። መልሼ መላልሼ።

አሁን ላሳያችሁ። ይህች ሁለተኛዋ ማሽን ናት። እነዚያን አባት በሌላ ሰርግ ሐርቡ ላይ አግኝቻቸው ነበር። አጠገባቸው ተቀምጬ ሶስት ዘፈን ተጫወትን። ምንም አላሉኝም። መሰንቋቸውን ቀና እያደረጉ አንዴ ወደ ሳጥኑ አዩ፣ አራተኛውን ጀመሩ።

ለዛሬ ብቻ ሽፋኑን ከፍቼዋለሁ። የላይኛው ኦሲሌተር ጥንድና ቴምፕኮ ያለው ነው፣ የታችኛው የድሮው አንድ ትራንዚስተር። ሁለቱንም አንድ ድምፅ ላይ አስይዣለሁ፣ ትሰማላችሁ? ጣቱ የሚሞቅ ሰው ይምጣና መጀመሪያ የታችኛውን፣ ቀጥሎ የላይኛውን ይንካ። አብሽሩ፣ ከረንት አይዝም፣ 12 ቮልት ነው። ከጎኑ ያለውን ካውያ ግን እንዳትነኩ፣ ሶኬቱን አልነቀልኩትም።